ለመስታወት ማቅለጫ ምድጃ የሙቀት መለኪያ አመራረጥ፦ ሲልቨር ስፕሪንግ ላለ የሰቆጣ ልጅ

በእጅ የሚሠራ የመስታወት ማቅለጫ ምድጃ ሙቀቱን ራሱ አያውቅም። ያለው አንድ ማስተካከያ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉም ኤሌክትሪኩ ለምን ያህል ጊዜ በርቶ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚጠፋ ይወስናል እንጂ ዲግሪ አይቆጥርም። ስለዚህ ከምድጃው ጋር አብሮ መገዛት ያለበት መለኪያ ነው።

ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ለከተመ የሰቆጣ ሰው ሙያውን መጀመር አይከብድም። ትምህርቱ በአቅራቢያው ግሌን ኤኮ ፓርክ ይገኛል፤ በ120 ቮልት የቤት ሶኬት የሚሠሩ ትናንሽ ምድጃዎችም ይሸጣሉ። የሚከብደው መለኪያ ለምን እንደሚያስፈልግ አገር ቤት ላለ ሰው ማስረዳቱ ነው። «እሳቱን አይተህ አታውቀውም ወይ ልጄ?» የሚል ጥያቄ በስልክ ሲመጣ ቀልድ አይደለም። የዋግ ሸክላ ሠሪ ድስቷን የምታበስለው ያለ ቴርሞሜትር ነው፤ ጭሱንና የፍሙን ቀለም አይታ መድረሱን ታውቃለች። እንጀራ ጋጋሪዋም ምጣዱ መስማቱን ለማወቅ ቁጥር አትፈልግም። ይህን የመሰለ ዓይን ያላትን ባለሙያ አገሬው ለዘመናት «ቡዳ» እያለ ሲያርቃት ኖሯል፤ ውጭ አገር ግን ሰው ሸክላና መስታወት ማብሰል ለመማር ከኪሱ ይከፍላል። በእጁ ሠርቶ የማይናቅበትን ቦታ መርጦ የቀረ ሰው አገሩን ጠልቶ ነው ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሆኖም መስታወት ላይ ዓይን የሚያደርሰው ግማሽ መንገድ ድረስ ብቻ ነው። ሁለት ንብርብር መስታወት ሙሉ በሙሉ የሚዋሐደው 800 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ በዚያ ሙቀት ምድጃው ውስጡ ስለሚቀላ ጠርዙ ሲድቦለቦል በማያ ቀዳዳው ይታያል። ችግሩ ሲበርድ ነው። መስታወቱ ውስጡ የታመቀውን ውጥረት እንዲለቅ በአንድ በተወሰነ ሙቀት ላይ መቆየት አለበት፤ ቡልስአይ ለተባለው የአሜሪካ መስታወት ይህ ሙቀት 482 ዲግሪ ነው። የጋለ ነገር ደግሞ ለሰው ዓይን መቅላት የሚጀምረው 525 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ወሳኙ ሰዓት ላይ ምድጃው ጨለማ ነው ማለት ነው። ይህን ደረጃ የዘለለ ሳህን ሲወጣ ደህና ይመስላል፤ ከቀናት በኋላ መደርደሪያ ላይ እንደተቀመጠ ይሰነጠቃል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ አንዳንዱ መሣሪያ ወዲያው ይወድቃል። እየቀለጠ የሚጎብጠው የሸክላ ኮን የሚናገረው ሙቀቱ ሲወጣ ብቻ ነው፤ ሲወርድ ምንም አይልም። በጨረር የሚለካው ሽጉጥ መሰል ቴርሞሜትር ክዳን ያስከፍታል፤ ክዳን መክፈት ደግሞ የሚለካውን ሙቀት ራሱን ማባከን ነው። የሚቀረው ቴርሞካፕል፣ ማለትም ጫፉ ምድጃው ውስጥ ገብቶ ሙቀቱን ውጭ ላለ ማንበቢያ የሚያደርስ ሽቦ ነው። ከፕላቲኒየም የሚሠራው «ኤስ» ዓይነት ውድ ነው፤ ለ800 ዲግሪ አያስፈልግም። ከኒኬል ቅይጦች የሚሠራው «ኬ» ዓይነት ይበቃል። የተለመደው ደረጃው 800 ላይ እስከ 6 ዲግሪ ሊሳሳት ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ግን ይህ አይጎዳም።

ወጥመዱ ያለው ርካሹ ዕቃ ላይ ነው። ከእጅ መለኪያው ጋር በነጻ የሚመጣው ቀጭን ሽቦ የለበሰው የመስታወት ክር ስለሆነ ምድጃ ውስጥ አይበረክትም። ኢንኮኔል በተባለ ቅይጥ ቱቦ ወይም በሴራሚክ የተሸፈነ ለብቻው መግዛት ይሻላል፤ እርቃኑን የቀረ ሽቦ እየዛገ ጥቁር ቅርፊት መስታወቱ ላይ ያራግፋል። ጫፉ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር ወደ ውስጥ ገብቶ ከመደርደሪያው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ማሞቂያውን መንካት የለበትም።

ስለ ሽቦው ቀለም ደግሞ፦ በአሜሪካ የ«ኬ» ሽቦ ቢጫው ፖዘቲቭ፣ ቀዩ ኔጋቲቭ ነው። ቀይን ሁልጊዜ ፖዘቲቭ ብሎ የለመደ እጅ እዚህ ይስታል፤ ምድጃው ሲግል ቁጥሩ ቢወርድ ሽቦው ተገልብጧል። በአውሮፓው ደረጃ አረንጓዴው ፖዘቲቭ፣ ነጩ ኔጋቲቭ ነው።

ማንበቢያው በባትሪ የሚሠራ፣ ሁለት ቴርሞካፕል የሚቀበልና ከፋራናይት ወደ ሴንቲግሬድ የሚቀየር ይሁን። አሜሪካኖቹ መመሪያቸውን የሚጽፉት በፋራናይት ነው፤ 482 ዲግሪ እነሱ ዘንድ 900 ነው። አዲስ መለኪያ በፈላ ውኃ ይፈተናል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ 100 ዲግሪ ገደማ ያሳያል። ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለችው ሰቆጣ ግን ውኃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ያው መለኪያ 92 ቢል ተበላሽቷል ተብሎ መጣል የለበትም።

ወደ አገር ቤት ልላክ ለሚል፣ መለኪያው ይሄዳል፤ ምድጃው አይሄድም። ለ120 ቮልት የተሠራ ምድጃ በ220 ቮልት ሲሰካ ከሦስት እጥፍ በላይ ኃይል ስቦ ይቃጠላል። እዚያው በ220 በተሠራ ምድጃ የሚሠራ ሰው መብራት መሐል ላይ ቢጠፋበት ክዳኑን ሳይነካ በባትሪው መለኪያ ቁጥሩን በየ10 ደቂቃው ይመዝግብ። 482 አካባቢ የቆየው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ከሆነ፣ መብራቱ ሲመለስ ሳህኑን በዝግታ እንደገና አሙቆ ያን ደረጃ ብቻ መድገም ይቻላል።