አንዱ ሲስብ ሌላው ይለቃል

የ7 ዓመት ልጃችን ከዛፍ ወድቆ ክንዱ ተሰበረና በጀሶ ታሰረ። እኔና አባቱ «ለምን አልጠበቅኸውም?» «አንቺስ?» እየተባባልን ተኳርፈን ሰነበትን።

ጀሶው ሲወልቅ ልጁ ክንዱን አይቶ፣ «እማዬ፣ አጥንቴ አለቀ?» አለኝ።

«አይ የኔ ልጅ፣ አጥንትህ ገጥሟል። የቀጠነው ጡንቻህ ነው፤ ሥራ ሲፈታ ይከሳል» አልኩት። ከዚያም በጤነኛው ክንዱ አሳየሁት። «እጠፈው። የፊተኛው ጡንቻ አጥሮ ጠነከረ አይደል? አሁን ዘርጋው፤ ተራው የኋለኛው ነው። ጡንቻ አጥንትን ይስባል እንጂ አይገፋም። አንዱ ሲስብ ሌላው ካልለቀቀ ክንድህ አይንቀሳቀስም።»

አባቱ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። በዚያ ምሽት ቀድሜ ይቅርታ የጠየቅሁት እኔ ነኝ።

ውድ ባለትዳሮች፣ በእናንተ ቤት ዛሬ የመልቀቅ ተራው የማን ነው?