የቁልቁለት ትምህርት

ስለ ጉዞ የሚጽፍ ሰው ብዙውን ጊዜ ብዕሩን የሚያነሣው ተራራው ከታየው፣ የወንዙ ድምፅ ከተሰማው በኋላ ነው። እኔም ለረጅም ዘመን እንደዚሁ አስብ ነበር። ከታናሽ ወንድሜ ጋር በ2006 ዓ.ም. በጥር ወር በሁለት አሮጌ ቬስፓዎች ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ማርቆስ ያደረግነው የ300 ኪሎ ሜትር ያህል ጉዞ ግን የተጀመረው በዘይት በጠቆረ የጋራዥ ወለል ላይ፣ በካርቶን ላይ ተንበርክኬ ነው። ያንን ጉዞ ዛሬ ለባልደረቦቼ ለከያንያንና ለመምህራን የማወሳው የአገሩን መልክ ለማድነቅ ሳይሆን፣ በአንድ ቁልቁለት ላይ ያጠፋሁትን ጥፋት ለመናዘዝ ነው።

አንደኛዋ ቬስፓ የአባታችን ነበረች። አባታችን መምህር ነበሩ። በ1962 ዓ.ም. ከደመወዛቸው እየቀነሱ ገዟት። እኔ ትምህርት ቤት ስገባ በእግራቸው መካከል ከፊት ያቆሙኝና መሪውን በትንንሽ እጆቼ አስይዘው ይወስዱኝ ነበር። ጡረታ ወጥተው ወደ ትውልድ አገራቸው ወደ ደብረ ማርቆስ ሲመለሱ፣ ቬስፓዋ አዲስ አበባ ግቢያችን ውስጥ በሸራ ተሸፍና ቀረች። በ2005 ዓ.ም. ክረምት ግላኮማ የዓይናቸውን ብርሃን ጨርሶ ወሰደው። ለመስቀል ልንጠይቃቸው ሄደን ስንሰናበታቸው፣ «የዚያችን ነገር ድምፅዋን እንኳ ብሰማ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ወንድሜ የራሱ ቬስፓ ነበረው። የአባታችንን በመኪና ጭኖ መውሰድ ይቻል እንደ ነበር አይጠፋኝም። ነገር ግን ዓይኑን ላጣ ሰው የተጫነ ብረት ወስዶ ከደጁ ማውረድ ምን ይጠቅመዋል? ከሩቅ እየቀረበች ስትመጣ ሊሰሟት ይገባል ብለን ቆረጥን።

መካኒኩ ከ40 ዓመት በላይ በዚሁ ሙያ የኖሩ አዛውንት ነበሩ። ቬስፓዋን አገላብጠው አዩና፣ «ትሠራለች» አሉ። ቀጥለውም ወደ እኔ ዞረው፣ «መንገድ ላይ ግን እኔ የለሁም። ስለዚህ የምትፈታውም የምትገጥመውም አንተ ነህ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ የብዕር ሰው ነኝ» ብዬ ልስቅ ስሞክር አልሳቁልኝም።

«ዐውቃለሁ። ቴአትርህን አይቼዋለሁ። ያ መካኒክህ ንግግሩ መልካም ነው። መፍቻውን ግን እንደ ዘነዘና ነው የያዘው» አሉ።

ይህ ሂስ በየትኛውም ጋዜጣ ላይ ከወጣብኝ ሂስ ይልቅ አቆሰለኝ። በዚያ ተውኔት ውስጥ የእጅ ሙያተኛውን ጀግና አድርጌ በመድረክ መሃል አቁሜው፣ ስለ ሥራ ክቡርነት ሦስት ገጽ ሙሉ አናግሬው ነበር። ቀጥቃጩን፣ ፋቂውን፣ ሸማኔውን ሲንቅ የኖረውን ልማድ በግጥም ተዋግቻለሁ ብዬም እኮራ ነበር። እጄ ግን አንድ ዳዶ ፈትቶ አያውቅም።

ዝግጅቱ ሦስት ሳምንት ፈጀ። በየዕለቱ ከሥራ መልስ ወደ ጋራዡ እሄዳለሁ። የፍሬኑን ሸራ ቀየርን፤ ቆሞ የተሰነጣጠቀውን ጎማ ከነካላማዳሪያው ጣልን፤ የቤንዚን ማጠራቀሚያዋን ጥቃቅን ጠጠር ጨምረን እየናጥን ዝገቱን አጠብን። የፍሪሲዮንና የማርሽ ትርፍ ሽቦ ከሶማሌ ተራ ፈልጌ አመጣሁ። የቬስፓ ቸርኬ እንደ ሁለት ሳሕን ተጋጥሞ በብሎን የታሰረ በመሆኑ፣ ነፋሱ ሳይወጣ ከተፈታ በሰው ፊት ላይ ሊፈነዳ እንደሚችል ተነገረኝ። «ጓዙን ከኋላ አትከምር። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ ካከልህባት አፍንጫዋ ይቀልና መሪው ይዋልልብሃል። ከባድ ከባዱን በእግርህ መሃል አድርገው» አሉኝ። እኔ ልጅ ሳለሁ እቆምበት በነበረው ስፍራ ማለት ነው።

ካንዴላ ማንበብንም ተማርሁ። ጫፉ ጥላሸት ከለበሰ ቤንዚኑ በዝቶበታል፤ ነጥቶ ከተገኘ ቤንዚን አንሶት ሞተሩ ከመጠን በላይ ግሏል፤ በስሱ የተቆላ ቡና ከመሰለ ጤና ነው። «ደብዳቤ ነው፤ አንብበው» ይሉኝ ነበር።

ከአዛውንቱ አንደበት የሚወጡት ቃላት፣ ካንዴላው፣ ፍሪሲዮኑ፣ ቸርኬው፣ ዳዶው፣ ካቻቪቴው፣ ማርሚታው፣ ሁሉም ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ድል ሆኖ ሲወጣ ቃላቱ በሠራተኛው እጅ ተማርከው ቀሩ። ቬስፓዋም ብትሆን ከጦርነት ፍርስራሽ የተገኘች ልጅ ናት። በፖንቴዴራ ከተማ የነበረው የፒያጆ ፋብሪካ የጦር አውሮፕላን ይሠራ ነበር። ጦርነቱ አልቆ፣ ፋብሪካውም በቦምብ ፈርሶ ሳለ፣ ኮራዲኖ ዳስካኒዮ የተባለው የአውሮፕላን መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1946 ይህችን ርካሽ የሕዝብ መጓጓዣ አወጣ። ሰውዬው ሞተር ብስክሌት አይወድም ነበር ይባላል። በዚህም የተነሣ ሞተሩን በሽፋን ጋረደው፤ ማርሹን ከእጅ አጠገብ አደረገው፤ የፊት ጎማውንም እንደ አውሮፕላን ማረፊያ እግር በአንድ ወገን ብቻ ሰቀለው። ስሟ በጣሊያንኛ «ተርብ» ማለት ነው። ወገቧ ቀጭን፣ ድምፅዋም የሚያንዛርር ነውና ስያሜው ይገባታል።

በመጨረሻው ቀን አዛውንቱ አንድ የሐኪም ሲሪንጅ ሰጡኝ፤ 20 ሚሊ ሊትር ይይዛል። «ለ1 ሊትር ቤንዚን አንድ ሲሪንጅ ዘይት። በዓይንህ አትገምት» አሉኝ። ቀጥለውም ዋናውን ነገር ነገሩኝ።

«የዚህች ሞተር ፒስተን የራሱ የዘይት ጉድጓድ የለውም። ዘይቱን የሚጠጣው ከቤንዚኑ ጋር ነው። ቤንዚን ስትነሣው ዘይቱንም ነሣኸው ማለት ነው። ዳገት ላይ አትፍራለት፤ ሲደክም ይጠጣል። ቁልቁለት ላይ ግን ያረፈ ይመስልሃል፤ የሚጠማው እዚያ ነው። ቤንዚኑን ዘግተህ በማርሽ ብቻ ይዘህ አትውረድ። በየጥቂቱ ፍሪሲዮን ያዝና ቤንዚን ስጠው። በየመሃሉ ቁም።» ከዚያም ከጥፍሬ የማትበልጥ፣ መሃልዋ የተበሳ የናስ ብሎን በመዳፌ ላይ አኖሩ። ቤንዚኑ የሚሾልከው በእርስዋ ቀዳዳ ነው። የአዲስ አበባ አየር ስስ በመሆኑ በሞተሩ ውስጥ ያለችው ጠባቧ ናት፤ ዓባይ በረሃ ሲወረድ አየሩ ይወፍራል፤ ስለዚህ ቤንዚኑም መጨመር አለበት። «ጎሐ ጽዮን ስትደርሱ በዚህች በሰፊዋ ቀይሩ» አሉ።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ተነሣን። የእንጦጦን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ ወጣን። ሱሉልታ ላይ ብርዱ ጣታችንን አደነዘዘው። ጫንጮን፣ ሙከ ጡሪን፣ ገብረ ጉራቻን በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ያህል እየተጓዝን አለፍን። ሜዳው የተሰበሰበ የጤፍ ገለባ ቀለም ነበረው። ልጆች ከእረኝነታቸው እየሮጡ ይሸኙናል። ሦስት ጊዜ ቆሜ ካንዴላዬን አየሁ፤ ሦስቱንም ጊዜ በስሱ የተቆላ ቡና ነበር። በስድስት ሰዓት ጎሐ ጽዮን ስንደርስ ራሴን እንደ ሊቅ ቆጠርሁ።

ወንድሜ ወዲያው ተንበርክኮ የናሷን ብሎን መቀየር ጀመረ። ሰው ከበበን። ከመካከላቸው አንድ ወጣት መምህር በትሕትና ቀርቦ፣ «ይቅርታ፣ ገጣሚው እርስዎ አይደሉም?» አለኝ። አንድ ግጥሜን ለተማሪዎቹ እንዳስተማረ ነገረኝ። ሻይ ጋበዘኝ። ስለ ኪነ ጥበብና ስለ ሕዝብ ሕይወት ተጨዋወትን፤ ወይም፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ ተናገርሁ፤ እርሱ አዳመጠ። ወንድሜ በግራሶ የተለወሰ እጁን እየጠረገ መጣና፣ «ወንድም ጋሼ፣ ያንተንም ልቀይርልህ?» አለኝ።

በዚያ መምህር ፊት ጋቢና ባርኔጣዬን አውልቄ መንበርከክ፣ ይባስ ብሎም ሳላውቅበት ስዳብስ መታየት አሳፈረኝ። በእኔ ፋንታ ወንድሜ ሲንበረከክ መታየቱም አሳፈረኝ። «ጊዜ የለንም፤ ታች ስንደርስ» አልሁት። ጊዜ ነበረን።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ መንገዱ በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 1,400 ሜትር ያህል ቁልቁል ይወርዳል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ በየቦታው አብጧል፤ ተጣጥፏል። ሙቀቱ በየመታጠፊያው እየጨመረ ይመጣል። እኔም ቤንዚኑን ዘግቼ፣ በማርሽ ይዤ፣ በጸጥታ ተንሸራተትሁ። ሞተሩ የሚያርፍ መሰለኝ። ስለ መምህሩ ምስጋና እያሰብሁ፣ በልቤ ስንኝ እየደረደርሁ ነበር።

ድልድዩ ከታች መታየት እንደ ጀመረ ቬስፓዋ እንደ ታነቀ ሰው አንድ ጊዜ ጮኸች። የኋላው ጎማ ተቆለፈ። በአስፋልቱ ላይ ወደ ጎን ተንሸራተትሁ። ከኋላዬ ተሳቢ የሚጎትት የጭነት መኪና እየወረደ ነበር፤ ጥሩንባው ገደሉን ሞላው። ግራ እጄ ከእኔ አስቀድሞ ፍሪሲዮኑን ጨበጠ፤ ጎማው ተለቀቀ፤ መንገዱ ዳር ካለው ድንጋይ አንድ ክንድ ሲቀረኝ ቆምሁ። ያንን ጭበጣ ያስተማሩኝ አዛውንቱ ነበሩ፤ በጋራዡ ደጃፍ ሃምሳ ጊዜ አስደጋግመውኛል።

እኔ ግን ትንፋሼ እንደ ተመለሰ መጀመሪያ የተናገርሁት ምን ነበር? «ሽማግሌው ጉድ ሠሩኝ! የማይረባ ፒስተን ነው የገጠሙልኝ!» ነበር ያልሁት። ወንድሜ አልመለሰልኝም። የካንዴላውን መፍቻ አውጥቶ፣ በጨርቅ ይዞ ፈታና በመዳፉ ላይ አድርጎ አሳየኝ። እንደ ጠመኔ ነጥቷል። ደብዳቤው ተጽፎ ነበር፤ ማንበብም ተምሬ ነበርና ማመካኛ አልነበረኝም።

ሞተሩ እስኪበርድ ከአንድ ሰዓት በላይ ጠበቅን። ዝንጀሮዎች ከገደሉ ላይ ሆነው ይመለከቱናል። ከዚያም ጋቢዬን አውልቄ፣ በጋለው አስፋልት ላይ ተንበርክኬ፣ ጠባቧን ብሎን አውጥቼ ሰፊዋን በገዛ እጄ ገጠምሁ። ወንድሜ ሊያግዘኝ እጁን ዘርግቶ መልሶ ሰበሰበው። በካንዴላው ቀዳዳ በሲሪንጁ ጥቂት ዘይት አንጠባጠብሁ፤ ሞተሩን በእጅ በቀስታ አዟዟርሁ። መጀመሪያ አልላወስ አለ፤ ቆይቶ እያቃሰተ ተላቀቀ። በአራተኛው ርግጫ ተነሣች።

እ.ኤ.አ. በ2008 የተመረቀውን፣ በጃፓን ርዳታ የተሠራውን ድልድይ ተሻገርን፤ አሮጌው ድልድይ ከጎኑ እንደ ጡረተኛ መምህር ዝም ብሎ ቆሟል። የደጀንን ዳገት በሁለተኛ ማርሽ፣ እያረፍን ወጣነው። ደብረ ማርቆስ ስንገባ መሽቶ ነበር።

አባታችን ከአጥሩ ውጭ ቆመው ጠበቁን። ገና ከመታጠፊያው ሳንደርስ «መጣች» ብለው እንደ ነበር እናታችን ነገረችን። ሞተሩን አላጠፋሁትም። ቀርበው በሁለት እጃቸው ሽፋኑን ዳሰሱ፤ ጆሮአቸውን አዘነበሉ፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ።

«ቆስላለች። የት አደረቅሃት?» አሉኝ።

«ዓባይ ላይ፣ አባባ። ያዘዙኝን ሳላደርግ ቀርቼ ነው።»

«ሰው ነበረ እዚያ?»

ጥያቄው አስደነገጠኝ። «ነበረ» አልሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አላነሡም። በወንድሜ ትከሻ ተደግፈው ተቀመጡባትና የቤንዚኑን እጀታ በቀስታ አዞሩት፤ ደግመው አዞሩት። ጎረቤት ሁሉ ወጣ። ፊታቸውን በዚያ ምሽት ያየሁትን ያህል ብሩህ ሆኖ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። በ2009 ዓ.ም. ዐረፉ።

ስንመለስ አዛውንቱ ሞተሩን ከፍተው ፒስተኑን በመዳፌ ላይ አስቀመጡት። በጎኑ ሁለት ጭረቶች ተሰምረውበታል። «የናሷን መች ቀየርሃት?» አሉ። ነገርኋቸው። በድንጋጤ በአፌ ያወጣሁትን ስድብ ጭምር ነገርኋቸው። ደቃቅ ሸርተት ወረቀት አቀበሉኝና፣ «ቀስ እያልህ፣ ወደ አንድ አቅጣጫ» ብቻ አሉኝ።

በቀጣዩ ዓመት ያንን ተውኔት እንደገና ስጽፈው የሙያተኛውን የሦስት ገጽ ንግግር ሰረዝሁት። በምትኩ ዘይት ይለካል። በዐይኑ አይገምትም፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ይቆጥራል። ተዋናዩን ወደ ጋራዡ ወስጄ ለአንድ ሳምንት በካርቶን ላይ አንበርክኬዋለሁ፤ እኔም አብሬው ተንበርክኬአለሁ።

እንግዲህ የተማርሁት ይህን ነው። የእንጦጦ ዳገት አልጎዳኝም፤ የደጀንም ዳገት በቆሰለ ፒስተን እንኳ አልጣለኝም። የጎዳኝ ያለ ድካም የተንሸራተትሁበት፣ ምስጋና እያጣጣምሁ የወረድሁበት መንገድ ነው። እኛ በቃል የምንኖር ሰዎችም ቅባታችንን የምናገኘው ከሥራችን ጋር ተቀላቅሎ ነው፤ ሥራውን ስንዘጋው ቅባቱም አብሮ ይዘጋል፤ ሲደርቅም ወዲያው አይታወቀንም። ቬስፓዋ ዛሬም አለችኝ። ጭረቶቹ ከነምልክታቸው ናቸው። ስትነሣ ከድምፅዋ መካከል ትንሽ ኳኳታ ይሰማል፤ አባቴ የሰሙት ያ ነው።