የዓሣዎቻችን ውኃ አረንጓዴ በሆነ ጊዜ

በቤት ውስጥ የሚደርስ ነገር ምንም እንኳ ትንሽ ቢመስል፣ አንዳንድ ጊዜ የቤቱን አባት በልጁ ፊት አሳፍሮ የሚያቆም ይሆናል። እኔም በ2015 ዓ.ም. በመስከረም ወር በአንድ የመስተዋት ገንዳ ምክንያት ይኸው ደርሶብኛል።

ገንዳው 80 ሊትር ውኃ የሚይዝ ሲሆን፣ በውስጡ ሦስት ወርቅማ ዓሣዎች ነበሩ። የስምንት ዓመት ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ ቀድማ የምትጠይቀው እነርሱን ነበር። ክረምቱ በገባ ጊዜ ሳሎኑ እጅግ ስለ ጨለመ፣ ዓሣዎቹ ብርሃን ያግኙ ብዬ ገንዳውን በምሥራቅ በኩል ካለው መስኮት ሥር አዛወርሁት። ሐምሌና ነሐሴ በሰላም አለፉ። ዘመን ተለውጦ ፀሐይ በወጣች በሁለተኛው ሳምንት ግን ውኃው ደፈረሰ፤ ቀጥሎም የተቀቀለ ጎመን ውኃ መሰለ፤ በመጨረሻም ዓሣዎቹ ወደ መስተዋቱ ካልተጠጉ በቀር አይታዩም ነበር።

እኔም ቆሻሻ መስሎኝ ቅዳሜ ቀን እጅጌዬን ሰብስቤ ተነሣሁ። ውኃውን በሙሉ ደፋሁ፤ ጠጠሩን አጠብሁ፤ የማጣሪያውንም ስፖንጅ ከቧንቧ ሥር ይዤ ጥቁሩ እድፍ እስኪለቅ ድረስ ጨመቅሁት። ከዚያም ገንዳውን በቀጥታ ከቧንቧው ሞላሁት። ባለቤቴ «ውኃው አድሮ ቢሆን አይሻልም?» ብትለኝ አልሰማኋትም። በዚያ ዕለት ማታ ገንዳው እንደ ብርሌ ጠርቶ ስለ ነበር እጅግ ተደሰትሁ።

በአራተኛው ቀን ዓሣዎቹ አፋቸውን ወደ ውኃው ፊት አውጥተው አየር ይጎነጩ ጀመር። በስድስተኛው ቀን ጧት ከሦስቱ ትንሹ ሞቶ ተገኘ፤ ውኃውም እንደገና ወደ አረንጓዴነቱ ይመለስ ነበር። ልጄ የዳቦ ፍርፋሪ በድብቅ እንደምትጥልላቸው ዐውቅ ስለ ነበር፣ ነገሩን ሳላመዛዝን «የገደልሽው አንቺ ነሽ!» አልኋት። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በገንዳው አጠገብ የምታልፈው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሆነ።

ከጎረቤቶቻችን አንድ ጡረታ የወጡ የሥነ ሕይወት መምህር አሉ። ለቡና በመጡ ጊዜ ገንዳውን አይተው ብርጭቆ አስመጡ፤ ከውኃው ቀድተው መደርደሪያ ላይ ካኖሩት በኋላም «ነገ እናየዋለን» ብለው ሄዱ። በማግሥቱ በብርጭቆው ሥር ዝቃጭ አልተገኘም፤ ውኃው እንደ ትናንቱ አረንጓዴ ነበር።

«ጭቃ ቢሆን ኖሮ ይዘቅጥ ነበር» አሉኝ። «ይህ ግን ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ ልጄ።»

እንዳስረዱኝም ይኸ ዋቅላሚ ወይም አልጌ የሚባለው ፍጥረት ነው። እያንዳንዱ አንድ ሕዋስ ብቻ ስለሆነ ለብቻው በዓይን አይታይም፤ ስፖንጅም ሊይዘው አይችልም። ብርሃን ካገኘ፣ ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ምግብ የሚመጣው ናይትሬትና ፎስፌትም ከተጨመረለት፣ በጥቂት ቀን ውስጥ ገንዳውን ይሞላዋል። በቢሾፍቱ ያለው አረንጓዴ ሐይቅም ያን ስም ያገኘው እንዲህ ባሉ ረቂቃን ሕያዋን ብዛት መሆኑን ነገሩኝ።

«መስኮት ሥር ያኖረው ማነው?» ብለው ጠየቁ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ስፖንጁንስ በቧንቧ ውኃ ያጠበው?»

ዝም አልሁ። እኔ እድፍ ያልሁት፣ ከዓሣዎቹ የሚወጣውን አሞንያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱንም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ማደሪያ ኖሯል። የቧንቧው ክሎሪን እነርሱን ስለ ፈጃቸው መርዙ ተከማቸ። ስፖንጅ የሚታጠበው ከገንዳው በተቀዳ ውኃ፣ ያውም በለስላሳው ነው። ዓሣውን የገደለው እንግዲህ አረንጓዴው ውኃ አይደለም፤ የልጄም ፍርፋሪ አይደለም።

በዚያው ማታ ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ «ዓሣውን የገደልሁት እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ» አልኋት።

ጥቂት አሰበችና «ፍርፋሪውስ?» አለችኝ።

«ፍርፋሪውም አይበጃቸውም። ነገር ግን የገደለው እርሱ አይደለም።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሆና «ውኃው አድሮ ቢሆን ብዬ ነበር» አለች፤ እውነቷን ነው።

ከዚህ በኋላ አንድ ሳምንት ሙሉ፣ በሰፊ ሳፋ ባደረ ውኃ የገንዳውን ሩብ በየቀኑ ቀየርን። ዓሣዎቹ አየር መጎንጨታቸውን ሲተዉ፣ መምህሩ እንዳዘዙን መብራቱን አጥፍተን ገንዳውን በወፍራም ጥቁር ብርድ ልብስ ለአራት ቀን ሸፈንነው። ዋቅላሚ ያለ ብርሃን አይኖርምና። የአየር መንፊያው ግን ሌትም ቀንም እንዲሠራ አስጠንቅቀውን ነበር፤ የሚሞተው ዋቅላሚ ሲበሰብስ በውኃው ያለውን ኦክስጅን ይጨርሳል። ምግብም አልሰጠንም፤ ጤነኛ ዓሣ ያን ያህል ቀን ጾሙን ቢውል አይጎዳም። ከሁሉ ያስቸገረን ሽፋኑን አለመግለጥ ነበር። ልጄ ጆሮዋን በብርድ ልብሱ ላይ አድርጋ የመንፊያውን ድምፅ ታዳምጥ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ጧት ሽፋኑን የገለጠችው እርሷ ናት። ውኃው ፈጽሞ አልጠራም፤ አረንጓዴነቱ ለቆ ቀጭን ግራጫ ጉም የመሰለ ነገር ቀርቶበት ነበር። ሁለቱ ዓሣዎች ግን ከነክንፋቸው ይታያሉ። የሞተውን ዋቅላሚ ለማስወጣት ሲሶውን ቀይረን፣ ገንዳውን ከመስኮቱ አርቀን በውስጠኛው ግድግዳ አጠገብ አኖርነው፤ ቶሎ የሚያድግ የውኃ ተክልም ጨመርንበት። መብራቱ አሁን የሚበራው በቀን 8 ሰዓት ብቻ ነው።

የምግቡን ሥራ ለልጄ ሰጥቻታለሁ። በቀን አንድ ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ የሚጨርሱትን ያህል ትሰጣቸዋለች፤ የግድግዳውን ሰዓት እያየች ጮክ ብላ እስከ 120 ትቈጥራለች፤ የተረፈ ካለም በትንሽ መረብ ታወጣለች። የዳቦው ፍርፋሪ ገንዳው በነበረበት መስኮት ላይ ለወፎች ይበተናል።