ልጥ መስሎኝ!

«እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይላሉ አበው። የኔ ነገር ግን ተገላቢጦሽ ሆነ፤ ልጥ ያልኩት እባብ ሆኖ አረፈው!

ከባሕር ዳር በሐሙሲት አድርጌ መካነ ኢየሱስ የገባሁት ለዘመድ ጥየቃ ነበር። እስቴ ሁለት መልክ አለው፤ ወደ ጉና ሲወጡ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ ወደ ዓባይ ሲወርዱ ቆላ ነው። እኔና የዘመዴ ልጅ፣ የአሥር ዓመት እረኛ፣ ወደ ቆላው ወረድን።

ካብ ሥር፣ ደረቅ ሣር መሃል ቡናማ ነገር ተጋድሟል። ንቅንቅ አይልም። ጠጋ ስል እባብ! ሞባይሌን አውጥቼ አንድ ፎቶ አነሳሁ። «ጥርት ብሎ አልወጣም» ብዬ ጎንበስ ልል ስል ልጁ ኮቴን ይዞ ጎተተኝ። «ጋሼ፣ እፉኝት!» እሷም ትንፋሿን ለቀቀች፤ የተበሳ ጎማ በሉት። ከዚያ በኋላ የሮጥኩት ሩጫ አይነገር!

ማታ በፎቶው ላይ ክርክር ተነሳ። አንዱ «አይጥ በላተኛዋ ናት፣ አትጎዳም» አለ። አንድ አዛውንት ግን «ቀለሟን ተውት፣ ጀርባዋን እዩ» አሉ። እውነትም ጫፋቸው ወደ ጭራዋ ያመለከተ ቀስት መሳይ ጥቋቁር መስመሮች ተደርድረዋል። ጭንቅላቷ ሰፊ፣ ገላዋ ወፍራም፣ ጭራዋ አጭር። እፉኝት ናት! አይጥ በላተኛዋ ቀጠን ያለች፣ ቆዳዋ ለስላሳ፣ በዓይኗ በኩል ፈዛዛ መስመር ያላት ናት። ታዲያ «ቀጭን ሁሉ አይጎዳም» እንዳትሉ፤ ኮብራም ቀጭንና ቡናማ ሊሆን ይችላል።

የእፉኝት ክፋቷ አለመሸሿ ነው። በቀለሟ ተማምና ትተኛለች፤ ብዙ ሰው የሚነደፈው ረግጧት ነው። መርዟ ሥጋን ያበሰብሳል። ስለዚህ የተነደፈውን እግር በገመድ ጥብቅ አድርጎ ማሰር፣ በምላጭ መብጣት፣ መምጠጥ ጉዳቱን ያብሳል። ጫማና አልቦ አውልቁ፣ እግሩን አታንቀሳቅሱ፣ ሰውየውን ተሸክማችሁ ወደ ሐኪም ገስግሱ። እባቧን ገድሎ ለማምጣት መልፋት ሁለተኛ በሽተኛ ማፍራት ነው። ከሩቅ የተነሳ ፎቶ ካለ ለሐኪሙ ይበቃል።

ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የእባብ ንድፊያን ቸል ከተባሉት የሞቃት አገር በሽታዎች ጋር የመደበው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። በድርጅቱ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ ከ81 ሺህ እስከ 138 ሺህ ሰው ይሞታል። አብዛኛው ገበሬና የገበሬ ልጅ ነው።

ያን ማታ ፎቶውን ስናሰፋ ሌላም ነገር አየሁ። ጥጉ ላይ የልጁ እግር ገብቷል፤ ባዶ እግር! እኔ ጫማ ለብሼ ፎቶ ሳሳምር እሱ በባዶ እግሩ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። በማግስቱ ገበያ ወጥቼ ቦት ጫማ ገዛሁለት።

እናንተም ወደ ቆላ ስትወርዱ መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎ ዱላ፤ ፎቶው ከሩቅ ይድረስ።