«ገባህ ልጄ?»

እናንተዬ፣ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሰው የሰው ቤት ከፍቶ ሊገባ ምንም አይቀረው! ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ እኔው ራሴ ሞክሬዋለሁ።

ማታ ነው። ከመገናኛ በታክሲ መጥቼ ፍየል ቤት ወረድኩ። ግቢያችን ስደርስ መብራት ጠፍቷል፤ የስልኬም ባትሪ አልቋል። ሕንፃዎቹ እንደሆኑ መንትዮች ናቸው፤ የሚለያቸው ግድግዳቸው ላይ የተጻፈው የብሎክ ቁጥር ብቻ ነው። እሱም በጨለማ አይታይም። ደረጃውን እየቆጠርኩ ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ቁልፌ ገባ፣ መዞር ግን እምቢ አለ። ስታገል በሩ ከውስጥ ተከፈተ።

«ገባህ ልጄ? ምነው አመሸህ?» አሉኝ አንዲት እናት።

በዚያች ቅጽበት ቦሌ ሊያርፍ ያለ አውሮፕላን አናታችን ላይ እያጓራ አለፈ። እውነቴን ነው፣ ለአፍታ ማን እንደሆንኩ ጠፋኝ! ሻማ ሲያመጡ ተያየን።

«ይቅርታ እማማ፣ ብሎክ ተሳስቼ ነው።»

«እኔም ልጅ ተሳስቼ ነው» ብለው ሳቁ። «ቡናው ደርሷል፣ ግባ።»

ልጃቸው እስኪመጣ ሁለተኛው ደረሰ። ስለ ድሮ ሰፈራቸው፣ ስለ ዕድራቸው አጫወቱኝ። የኮንዶሚኒየም ዕጣ ቤት እንጂ ጎረቤት አይሰጥም፤ ከየሰፈሩ የመጣውን ሰው አንድ ደረጃ ላይ ያገናኘዋል፣ መተዋወቁ ግን የራሱ የሰውየው ፋንታ ነው።

እኔን የቆጨኝ ሌላ ነው። ሁለት ዓመት ስኖር ከፊት ለፊቴ ያለውን በር አንድ ቀን አንኳኩቼ አላውቅም ነበር! በማግስቱ አንኳኳሁ። እናንተስ፣ የፊት ለፊታችሁን ሰው ስም ታውቃላችሁ?