ግራው መስመር

ልጆቼ፣ እኛ ባደግንበት በጎንደር አገር መንገድ ማለት አንድ በቅሎ የምታልፍበት ቀጭን የእግር መንገድ ነው። እንዲያም ሆኖ ሕግ ነበረው። ሸክም ለያዘ ይለቀቃል፤ በቅሎ ላይ ያለ ሰው ሽማግሌ ወይም ቄስ ሲያገኝ ወርዶ ሰላምታ ይሰጣል። ይህን ማንም በወረቀት አልጻፈልንም። እኔ ከቄሶች ዘንድ ኦሪት ስማር፣ ንባቡን ሳልይዝ በፊት መንገድ መልቀቅን ይዤ ነበር።

በ1991 እስራኤል ገባን። ከዕብራይስጡ ጋር ብዙ ታግዬ መንጃ ፈቃድ አወጣሁ፤ ከ70 ዓመቴ በኋላም ዓይኔን ተመርምሬ፣ ሐኪም ፈርሞልኝ አሳድሼዋለሁ። ስለዚህ የልጅ ልጄ ፈተናዋን ስታልፍ መላቬ ሆኜ አጠገቧ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ሦስት ወር ቀንም ሌሊትም፣ ከዚያ ሦስት ወር ለሌሊቱ ብቻ። እናትና አባቷ ሥራ ላይ ናቸው፤ ጡረተኛው እኔ ነኝ።

ልጅቱ መኪና ማቆም ታውቃለች፣ አደባባይ ታውቃለች። ክቪሽ ሼሽ ላይ አንድ ማታ ስንወጣ ግን ግራው መስመር ውስጥ ገብታ እዚያው ቀረች። በቀኝ ማንም የለም። ከኋላ አንዱ መጥቶ መብራቱን ብልጭ ድርግም አደረገባት። "ቀኙን ያዥ፣ ልቀቂለት" አልኳት።

"አባባ፣ ለምንድነው የምለቅለት? ቀለማችንን አይቶ እኮ ነው የሚጫነን!"

ይህ ቃል ልቤን ወጋው። ሐሰት ነው ብዬ አልቆጣት፤ እናንተ እዚህ አገር ምን እንደሚያጋጥማችሁ አውቃለሁ። ግን ጨለማ ነበር፤ ከኋላ ያለው ሰው የሚያየው ሁለት ቀይ መብራት ብቻ ነው። "ልጄ፣ ግራው የማለፊያ ነው፤ አልፈሽ ስትጨርሺ ወደ ቀኝ ትመለሻለሽ። አልመለስም ካልሽ እሱ በቀኝሽ ይሾልካል፤ መስታወቱ በማያሳይሽ በኩል ሲመጣ አታዪውም" አልኳት። ፍሬቻ (እናንተ ቪንከር የምትሉትን) አሳይታ ለቀቀችለት። ሰውየው ምስጋና የለ ምን የለ፣ እንደ ጥይት አለፈ። ያ የእሱ ነውር ነው።

ርቀትንም አስተማርኳት። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ እግር ፍሬኑን እስኪረግጥ ያ ሁሉ አልፏል። የፊተኛው መኪና አንድ ምሰሶ ሲያልፍ "ሃያ አንድ፣ ሃያ ሁለት" ብላ ትቆጥራለች፤ ሳትጨርስ ምሰሶው ጋ ከደረሰች በጣም ተጠግታለች ማለት ነው። በአማርኛ ቁጠሪ አልኳት፣ ቁጥሩ እንኳ እንዳይጠፋባት።

አንድ ነገር ቅር ይለኛል። ፈቃድ ለማውጣት ቢያንስ 28 ትምህርት ያስፈልጋል፤ የእሷ ሁሉም ማለት ይቻላል ከተማ ውስጥ ነበር። ከዚያ ጥቂቱ እንኳ በፈጣን መንገድ፣ በማታም ቢሆን ምን ነበረበት? የእኛ ቄሶች ልጅን ቀላሉን አስነብበው ብቻ አይለቁትም ነበር፤ ከባዱን ነው ደጋግመው የሚያስነብቡት።

አሁን ወንድሟ ለቴኦርያ እያጠና ነው። በአማርኛም መፈተን ይቻላል፣ እሱ ግን ዕብራይስጡን መርጧል። የእሱም መላቬ እኔው ነኝ፣ ሐኪሙ በዓይኔ ምክንያት ካልከለከለኝ።