ከኋላ ክዳኑ ሥር

የድሮ የአሜሪካ የኪስ ሰዓት ሳገኝ ፊቱን ብዙ አላየውም። ዓይኔ የሚቸኩለው ወደ ኋላ ክዳኑ ነው። ክዳኑ ተፈትቶ ሲነሣ ጥርሶቹንና ሞላውን የሚሸፍኑት የኒኬል ገጾች ብቅ ይላሉ፤ ላያቸው ላይ ነፋስ እንደነካው የኩሬ ውኃ የሚያረገርግ ቀጭን ጭረት ተስሏል። ጭረቱ ሰዓቱን በአንዲት ሰከንድ እንኳ አያስተካክለውም። ታዲያ ለማን ዓይን ተብሎ ተደከመበት? በ19ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አሜሪካዊ ገዢ ጌጣጌጥ ቤት ገብቶ መጀመሪያ የሰዓቱን ሆድ ዕቃ ይመርጣል፤ ከዚያ እንደ ኪሱ አቅም የብር ወይም የወርቅ ቀፎ ያስገጥምለታል። ጌጡን ያን ዕለት አየው ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ የሚያየው ሰዓት አዳሹ ነው።

የአሜሪካ የፋብሪካ ሰዓት ነገር የተጀመረው ከጠመንጃ ነው። አሮን ዴኒሰን የተባለ የሜይን ተወላጅ ሰዓት ሠሪ፣ በስፕሪንግፊልድ የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ የጠመንጃ ክፍሎች በማሽን ተቀርጸው አንዱ በሌላው ቦታ እንዲገባ ተደርገው ሲሠሩ አየና ሰዓትንም በዚያው መንገድ ለመሥራት ቆረጠ። እ.ኤ.አ. በ1850 ከኤድዋርድ ሃዋርድና ከሌሎች ጋር ሆኖ ቦስተን አጠገብ ሮክስበሪ ላይ ሥራ ጀመረ። የሮክስበሪ አቧራ ግን አላስቀምጥ አላቸው፤ በ1854 በቻርልስ ወንዝ ዳር ወዳለችው ዋልተም ተሻገሩ። የዚያን የሚያህል ኢንዱስትሪ መቀመጫ አቧራ መወሰኑ ዛሬም ይደንቀኛል። ሐሳቡ ማሽኑን ቀድሞት ስለነበር ክፍሎቹ ገና በእጅ እየተሞረዱ ይገጣጠሙ ነበር። በ1857 ድርጅቱ ከስሮ በሐራጅ ተሸጠ። ዴኒሰን ኋላ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ገብቶ ቀፎ መሥራት ያዘ።

የዋልተም ፋብሪካ ግን በሌሎች እጅ ጸና። በ1876 በፊላዴልፊያው ኤግዚቢሽን ጥቃቅን ብሎኖችን ያለ ሰው እጅ የሚቀርጽ ማሽን አሳየ። ከስዊዘርላንድ የመጣው የሎንዢን መሐንዲስ ዣክ ዳቪድ ያየውን ሁሉ ጽፎ፣ ካልነቃችሁ አለቀላችሁ የሚል መልእክት ያለው ሪፖርት ለአገሩ ሰዓት ሠሪዎች አቀረበ። ሰሙት፤ ተሻሻሉም።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የሚይዘው የባቡር ሠራተኞች ሰዓት ነው። እስከ ኅዳር 18 ቀን 1883 እ.ኤ.አ. ድረስ የአሜሪካ ከተሞች እያንዳንዳቸው እንደ ፀሐያቸው ነበር የሚቆጥሩት። ያን ቀን የባቡር ድርጅቶቹ አገሩን በሰዓት ክልሎች ከፋፍለው ቆጠራውን አንድ አደረጉት፤ በአንዳንድ ከተማ እኩለ ቀን ሁለት ጊዜ ተደወለ። የጋራ ሰዓት መኖሩ ብቻ ግን አልበቃም። በ1891 ኦሃዮ ውስጥ ኪፕተን ላይ ሁለት ባቡሮች ተጋጭተው ሰዎች ሞቱ። እንደሚነገረው የአንዱ ነጂ ሰዓት ለአራት ደቂቃ ቆሞ፣ መልሶ መሄድ ጀምሮ ነበር። በአንድ ሐዲድ ላይ ፊት ለፊት ለሚመጡ ባቡሮች አራት ደቂቃ የሞት ያህል ሰፊ ነው።

ከዚያ በኋላ የክሊቭላንዱ ጌጣጌጥ ነጋዴ ዌብ ቦል የባቡር ሰዓቶችን እንዲመረምር ተሾመ። ደንቡም እየጠበቀ ሄደ፦ ሰዓቱ በሳምንት ከ30 ሰከንድ በላይ እንዳይዛነፍ፣ በአምስት አቀማመጥ ተፈትኖ እንዲስተካከል፣ ፊቱ ክዳን እንዳይኖረው፣ ቁጥሮቹ ጎላ ያሉ እንዲሆኑ። እኔ የምወዳት ግን አንዲት ትንሽ ምላስ ናት። በተራ ሰዓት መሙያውን ሳብ አድርጎ ደቂቃ ቆጣሪውን ማዞር ይቻላል። በባቡር ሰዓት ግን የፊቱን መስታወት ፈትቶ፣ ከጠርዙ የተደበቀችውን ምላስ በጥፍር ካልሳቡ በቀር ቆጣሪው ንቅንቅ አይልም። ነጂው እየሞላ ሳለ እጁ ቢስት እንኳ ሰዓቱን አዛብቶ የተሳፋሪዎቹን ነፍስ ለአደጋ እንዳይጥል ተብሎ የታሰበ ነው። ኤልጂንና ሃሚልተን የተባሉት ሌሎች ፋብሪካዎች የሠሩት የባቡር ሰዓትም ይህችኑ ምላስ ይዟል። እንዲህ ያለ አሳቢነት በብረት ተሠርቶ ሳይ ለሠሪው ያለኝ ክብር ይጨምራል።

ኢንገርሶል የተባለው ድርጅት ደግሞ በ1896 በአንድ ዶላር የሚሸጥ ሰዓት አወጣ፤ የእርሻ ሠራተኛም ሰዓት ያዘ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ፋብሪካዎቹ ለጦር ኃይሉ ሲሠሩ ገበያው ለስዊዞች ተለቀቀ። ዋልተም በ1957 ሰዓት መሥራቱን አቆመ፤ ሃሚልተንም በ1969 ሥራውን ወደ ስዊዘርላንድ አዛወረ።

ቁጭቴ ግን ከፋብሪካዎቹ መዘጋት በኋላ በመጣው ነገር ነው። የወርቅ ዋጋ በናረ ቁጥር ብዙ የወርቅ ቀፎዎች ቀልጠዋል፤ ሆድ ዕቃዎቹ ራቁታቸውን ቀሩ። በእያንዳንዱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር የተሠራበትን ዓመት ይናገራል፤ ቢሞሉት የሚሄድም ብዙ ነው። መቶ ዓመት የሚሠራን ነገር ለጥቂት ግራም ወርቅ ብሎ ገፎ መጣል ለእኔ ዝርፊያ ነው።